ጀርባ የሰጠችው ወፍ

ጡረታ የወጣሁት በሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ሌላው ሰው ስልሳ እስኪሞላው ይጠብቃል፤ እኔ ምን በወጣኝ። ከወልድያ እስከ ውርጌሳ ባለው አስፋልት ላይ እንደኔ ባጃጅ የነዳ የለም፤ አለሁ የሚል ካለ ይምጣና እንተያይ። ግን ባጃጇ ራሷ የለችም። በጦርነቱ ሄደች። ማን እንደወሰዳት ያየ የለም። ዛፍ ሥር አቁሜያት ስመለስ ያገኘሁት የሦስት ጎማ ምልክትና መሬት ላይ የፈሰሰ ትንሽ ዘይት ነው። በቃ፣ ጡረታ ወጣሁ አልኩ። ሽኝት አልተደረገልኝ፣ የግድግዳ ሰዓትም አልተሸለምኩ።

አሁን የምሠራውን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ሳቁ፣ ለምጄዋለሁ። ጥልፍ እጠልፋለሁ። የመስቀል ጥልፍ፣ ያ ቀዳዳው በሚቆጠር ጨርቅ ላይ ክሩን አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እያጋደሙ የሚያጣምሩት። ለገበያ አይደለም፣ ደስ ስለሚለኝ ነው። ለገበያ ያልሆነበት ምክንያትም አለው፣ እደርስበታለሁ። ጢም ያለው ሙሉ ሰው በር ላይ ቁጭ ብሎ ትራስ ልብስ ላይ ወፍ ሲያወጣ የባጃጅ ተራ ልጆች ያያሉ። "ሰይዲቱ፣ መቼ ነው የምትዳሪው?" ይሉኛል፣ ስሜን የሴት አድርገው። "እናንተ ጥሎሹን ስትሞሉ" እላቸዋለሁ።

ብዙ ነገር ፈርቼ አውቃለሁ። ፍሬን የበጠሰ አይሱዙ ከኋላዬ ሲመጣ ፈርቻለሁ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ትልቁን ፍርሃት ያየሁት ግን መሪ ይዤ አይደለም፣ መርፌ ይዤ ነው። እሱን ነው የምነግራችሁ።

የመርሳ ልጅ ነኝ። ከትምህርት ጋር አምስተኛ ክፍል ላይ ተለያየን፤ እሱም አልፈለገኝም፣ እኔም አልለመንኩትም። አሥራ ስምንት ሲሞላኝ ወልድያ ወጥቼ መናኸሪያ ዕቃ መሸከም ጀመርኩ። አንድ ቀን ከደሴ የመጣ ጨርቅ ተሸክሜ እትዬ ለምለም ሱቅ አደረስኩ። እትዬ ለምለም ለሙሽሮች የአልጋ ልብስና የትራስ ልብስ እየጠለፉ የሚሸጡ ሴትዮ ናቸው። አባታቸው ከማይጨው መጥተው እህል ሲነግዱ እዚሁ ቀሩ፤ እሳቸው የተወለዱት ወልድያ፣ ያገቡት ወልድያ፣ ባላቸውን የቀበሩት ወልድያ። ሁለት ሴት ልጆች ቀጥረው ያሠራሉ። ጨርቁን አወረድኩና ልጆቹ ሲጠልፉ አየሁ። አፌ መቼም አያርፍም፣ "ይሄንንማ እኔም እችላለሁ" አልኩ።

እትዬ ለምለም አልሳቁም። መርፌውን ሰጡኝና "እጅህን ታጠብ" አሉኝ።

እንዲህ ነው የተቀጠርኩት። ደመወዙ ለምሳ ይበቃል፣ ለእራት ሰው ቤት እሄዳለሁ። ሥራው ግን ያዘኝ። እትዬ የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። ክር ከጣት ጫፍ እስከ ክርን ነው የሚቆረጠው፤ ከዚያ የረዘመውን "የሰነፍ ክር" ይሉታል፣ ይወሳሰባል። ክሩን ለማሹለክ በምራቅ ማራስ አይቻልም፤ አንዷ ልጅ ስትልስ ካዩ ክሩን ወስደው ይጥሉታል። ቋጠሮ የለም። ጫፉ ከጨርቁ ሥር ሾልኮ ይደበቃል፣ ቋጠሮ የተኛን ሰው ጉንጭ ይወጋል። የታችኛው ክር ሁሌ ወደ ቀኝ፣ የላይኛው ሁሌ ወደ ግራ ይጋደማል። ከሺህ አንዷ ብትሳሳት እትዬ ከበር ላይ ሆነው ያዩዋታል።

ንድፉ በካሬ ደብተር ወረቀት ላይ ነው። እያንዳንዱ ካሬ አንድ ስፌት ነው። ቀይ ነጥብ ካለ ቀይ ክር፣ ጭረት ካለ አረንጓዴ፣ የጠቆረ ካሬ ካለ ጥቁር። ምልክቱን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ከጎኑ ስንት ቀዳዳ እንደሚዘለል በቁጥር ይጽፋሉ። ከዚያ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። የሚቆጥሩት ደግሞ በትግርኛ ነው። ሌላውን ነገር ሁሉ በአማርኛ ነው የሚያወሩት፤ ይሰድባሉ በአማርኛ፣ ይጸልያሉ በአማርኛ፣ ጥልፍ ሲቆጥሩ ግን "ሓደ፣ ክልተ፣ ሰለስተ" ነው። ያስተማሯቸው እናታቸው ስለሆኑ በሌላ ቋንቋ ሲቆጥሩ እጃቸው አይሰማም። እኔም ከእሳቸው ስለተማርኩ በዚያው ያዝኩት። ትግርኛ አልችልም። እስከ አርባ ግን አንደኛ ነኝ፣ የወፏ ወርድ አርባ ስፌት ነው።

ወፏ ማለት፣ የሙሽራ ትራስ ጥንድ ነው። በአንዱ ትራስ ላይ አንድ ወፍ፣ በሌላው ላይ አንድ ወፍ ይሆንና አልጋ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ምንቃር ለምንቃር ይተያያሉ። የወረቀቱ ንድፍ ግን አንድ ብቻ ነው። የመጀመሪያዋን ከግራ ጀምረህ ትቆጥራለህ፣ ሁለተኛዋን ከቀኝ። ያን ጊዜ ትዞራለች።

ሁለተኛው ዓመቴ ላይ እመት ሐዋ የሚባሉ የመርሳ ሴት ለልጃቸው ለዘሃራ ጥንድ ትራስ አዘዙ። እመት ሐዋ በሀብሩ ወረዳ የታወቁ ናቸው፤ በርበሬ ይነግዳሉ፣ ያስታርቃሉ፣ ሲቆጡ ገበያው ዝም ይላል። የአገሬ ሰው ስለሆኑ "እኔ ልሥራው፣ በሳምንት አደርሳለሁ" አልኩ። እትዬ ለምለም አሥራ አምስት ቀን ስጠው አሉ። በአምስት ቀን ጨረስኩት። እንዴት እንደቸኮልኩ! እጄ መኪና ነበር። እትዬ የዚያን ሰሞን ታመው ተኝተው ስለነበር ሳያዩት አጥፌ፣ ጠቅልዬ፣ ራሴ ይዤ መርሳ ወረድኩ።

የሠርጉ ቀን ሴቶቹ የሙሽራዋን ዕቃ ሊያዩ አልጋው ዙሪያ ተሰበሰቡ። ትራሶቹ ተቀመጡ። ሁለቱንም ወፍ ከግራ ነበር የቆጠርኳቸው። አንዷ ታያለች፣ ሌላዋ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ግድግዳ ትሄዳለች። አንዷ ስትከተል አንዷ ስትሸሽ በሉት። አንዲት አሮጊት "ኧረ ወፏ ኮረፈች" ማለታቸውን ሰማሁ።

ዘሃራ በሦስተኛው ወር ተፋትታ እናቷ ቤት ተመለሰች። በማግስቱ እመት ሐዋ ትራሶቹን በፌስታል ይዘው ወልድያ መጡ። የእትዬ ለምለም ጠረጴዛ ላይ ወረወሩትና የልጄን አልጋ ማነው የረገመው አሉ። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። እትዬ ለምለም ጨርቁን ዘረጉት፣ አንዴ አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ወላሂ፣ ያን ጊዜ አፌ ቢዘጋ ኖሮ ይሻል ነበር።

"እሳቸው ናቸው እንደዚህ አርግ ያሉኝ" አልኩ።

እትዬ ለምለም አልካዱም። አላመኑምም። ገንዘቡን መለሱ፣ ትራሶቹን አጥፈው ሳጥናቸው ውስጥ ከተቱ። እመት ሐዋ "ሆን ብለሽ ነው፣ ደስታችንን ስላልወደድሽ ነው" ብለው ወጡ። ይሄ ቃል መርሳ ደርሶ፣ ሲሪንቃ ደርሶ፣ ተመልሶ ወልድያ መጣ። የሀብሩ ሙሽራ እዚያ ሱቅ መሄድ ተወች። እኔ በሦስተኛው ቀን ሥራ ለቀቅኩ። ያባረረኝ የለም። ፊታቸውን ማየት ስላቃተኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆንኩ፣ "መርሳ፣ ውርጌሳ፣ ሐይቅ" እያልኩ ድምፄ ዘጋ። ከዚያ ባጃጅ ተከራየሁ። ባለንብረቱ ክፉ አልነበረም፣ ብቻ እሑድንም እንደ ሰኞ ነው የሚቆጥረው። ሰባት ዓመት መርፌ አልነካሁም። በእትዬ ለምለም ሱቅ ፊት ሳልፍ ጋዝ እሰጣለሁ።

ጦርነቱ ወደኛ የመጣ ክረምት፣ ሰው በእግሩ ወደ ደሴ ሲጎርፍ እኔ ተሳፋሪ እየጫንኩ ሲሪንቃ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ጀግና ስለሆንኩ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ዋጋው ስለጨመረ ነው። በአራተኛው ተመልሼ ወልድያ ስገባ ተኩሱ ከአስፋልቱ ማዶ ተጀመረ። ባጃጇን ዛፍ ሥር ጥዬ ሮጥኩ። በር አንኳኳሁ፣ አይከፈትም። ሌላ አንኳኳሁ፣ አይከፈትም። ሦስተኛው በር ተከፈተና ገባሁ፤ ቀና ስል እትዬ ለምለም ናቸው።

አሮጊት ሆነዋል። "እጅህን ታጠብ" አሉኝ።

ከተማው በትግራይ ታጣቂዎች ተያዘ። መርሳም ተያዘች ተባለ፣ መንገድ የለም፣ ስልክ የለም፣ መብራት የለም። ወጣት ወንድ ሁሉ ሚሊሻ ነህ፣ ሰላይ ነህ ይባላል ብለው ስለፈሩልኝ ከጓዳው እንዳልወጣ ከለከሉኝ። ሠራተኞቻቸው ቀድመው ሸሽተዋል። እሳቸው ለምን እንዳልሄዱ ስጠይቃቸው የት ነው የምሄደው አሉኝ፤ ወደዚያ ብሄድ የወልድያ ናት ይሉኛል፣ ወደዚህ ብሄድ የትግራይ ናት ይሉኛል።

ሌላም ነገር አየሁ። እትዬ ለምለም በአማርኛ ነበር የሚቆጥሩት። ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ሰው በመስኮት እንዳይሰማቸው ብለው ለውጠውታል። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ይሉና ያቆማሉ፣ ይመለሳሉ፣ የሰፉትን ይፈታሉ። እትዬ ለምለም ስፌት ሲፈቱ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም ነበር።

እኔ ጓዳ ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም። የመድፍ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ በበሩ ስንጥቅ አጮልቃለሁ። በአራተኛው ቀን "እግርህ ወለሉን በሳው" ብለው የወፏን ወረቀት፣ ጨርቅና መርፌ ሰጡኝ። እምቢ አልኩ። ረስቼዋለሁ አልኩ። "እጅ አይረሳም፣ አፍ ነው የሚረሳ" አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል፤ መርፌውን ያዝኩት።

እውነት ነው፣ እጅ አይረሳም። መጀመሪያ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማስገባት ግማሽ ጠዋት ፈጀሁ። ከዚያ በከንፈሬ ብቻ "ሓደ፣ ክልተ" ማለት ጀመርኩ። ስቆጥር አልሰማም። መኪና ሲያልፍ አልሰማም። አሥር ስፌት፣ ሃያ ስፌት፣ ከዚያ አንድ ነገር ይፈነዳና ቁጥሩ ይጠፋኛል፣ እንደገና ከሓደ። በቀን አንድ ረድፍ ብጨርስ ነው። በዚያ ሰሞን ፍርሃቱ የሚቀለኝ ያን አንድ ረድፍ ስጠልፍ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ በሩ ተመታ። ሦስት ታጣቂዎች ናቸው። እትዬን በትግርኛ አናገሯቸው፣ እሳቸውም መለሱ። ከዚያ ጓዳውን ከፈቱት። እኔ መርፌ ይዤ ተቀምጫለሁ። አንደኛው ሸሚዝህን አውልቅ አለኝና የጠመንጃ ማንገቻ ምልክት እንዳለ ትከሻዬን አየ። የለም። እጄን ገልብጦ አየ፤ መዳፌ ከባጃጅ መሪ የተነሣ እንደ ጫማ ሶል ነው። እሱን አልወደደውም። ሌላው ከጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን አነሣ። በዕድሜ ከፍ ያለ፣ መነጽር ያደረገ ሰው ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይሻላል፣ አስተማሪ ሳይሆን አልቀረም።

"ይሄ ምንድነው?" አለኝ።

"ወፍ ነው።"

"ወፏ የታለች?"

አየሁት። እኔ ወፍ የማየው ስለማውቃት ነው እንጂ ወረቀቱ ላይ ያለው ካሬ፣ ነጥብ፣ ጭረትና ቁጥር ነው። ያን ጊዜ በእሱ ዓይን አየሁት፤ የጦር ካርታ ይመስላል።

"ቀይ ነጥቡስ?"

"ክንፏ ነው።"

"ጥቁሩ?"

"ዓይኗ።"

"ይሄ በጎን የተጻፈው ቁጥር የምን ርቀት ነው?"

የሚዘለል ቀዳዳ ነው አልኩት። አላመነኝም። ጨርቁን ከእጄ ወስዶ ከወረቀቱ ጎን ዘረጋና በጣቱ መቁጠር ጀመረ። "ሓደ፣ ክልተ፣ ሰለስተ..." ከንፈሬ አብሮት ተንቀሳቀሰ። እኔ አላዘዝኩትም፣ ለምዶበት ነው። ቀና ብሎ አየኝ።

"ትግርኛ ትችላለህ?"

"እስከ አርባ ብቻ" አልኩት።

ቀልድ መስሎት ፊቱ ጠቆረ። መቁጠሩን ቀጠለ። አንገቷ ጋ ሲደርስ ቆመ። ተመልሶ ቆጠረ። "አይገጥምም" አለ። "ወረቀቱ ሌላ ነው የሚለው፣ ጨርቁ ሌላ ነው። ይሄ የጨርቁ ሥዕል አይደለም።" በሩ ጋ የቆመው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ አንዱ ትልቅ ፍንዳታ የተሰማ ቀን አንድ ቀዳዳ ዘልያለሁ። ብናገር ማን ያምነኛል? እናቴን አሰብኩ። ቀልድ ፈለግኩ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አጣሁ።

እትዬ ለምለም ሄደው ሳጥናቸውን ከፈቱ። የዘሃራን ትራሶች አወጡና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጓቸው። ሰባት ዓመት ሙሉ አስቀምጠዋቸው ነበር። መነጽራሙን በአማርኛ አናገሩት፣ እኔ እንድሰማ ይመስለኛል።

"ልጄ፣ ይሄ ልጅ ሰላይ ቢሆን የላከው ሰው ነው የሚያሳዝነኝ። በእሱ ቆጠራ መድፍ ቢተኮስ ሱዳን ነው የሚወድቀው። ተመልከት። እነዚህ መተያየት ነበረባቸው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ማን እንደሠራው ንገረው።"

"እኔ" አልኩ።

"ማን እንደዚህ አርግ አለህ?"

"ማንም። እትዬ ከቀኝ ቁጠር ብለውኝ ነበር። ቸኩዬ ከግራ ቆጠርኩ። ከዚያ በእሳቸው አሳበብኩ።"

መነጽራሙ ትራሶቹን ብዙ ጊዜ አያቸው። አንዷን ወፍ በጣቱ ነካ፣ ሌላዋን ነካ። "ይሄን እናቴ ብታየው መርፌውን በጆሮህ ታስገባው ነበር" አለኝ። ወረቀቱን ግን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሄዱ።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እትዬ ለምለም ጨርቄን አንሥተው የተሳሳተውን ረድፍ ይፈቱ ነበር። በመጨረሻ "እትዬ፣ ይቅር በሉኝ" አልኳቸው። ቀና አላሉም።

"ያንን ለጠመንጃ ነው የነገርከው" አሉኝ። "የሰማው ሰውዬ መንገደኛ ነው። የሚረግሙኝ ያሉት መርሳ ነው።"

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አላነሡም።

ታኅሣሥ ላይ ከተማው ወደ መንግሥት እጅ ተመለሰ። ሰው እልል እያለ ወጣ፣ እኔም ወጣሁ፣ ጮህኩ፣ ባጃጄን ፈለግኩ። እትዬ ለምለም አልወጡም። አሁን የመፍራቱ ተራ የእሳቸው ነበር። በዚያ ሰሞን የማን ቤት ማን ገባ፣ ማን በምን ቋንቋ አናገራቸው የሚል ወሬ ብቻ ነው የሚወራው። አንድ ሰው ስም ከሰጠ ስሙ የተሰጠው ይወሰዳል፤ የት እንደሚወሰድ የሚጠይቅ የለም። ሱቃቸውን ከፈቱ፣ ግን አንዱን መዝጊያ ብቻ። ጮክ ብለው መቁጠሩንም ተዉት፤ በዓይናቸው ብቻ እየቆጠሩ ይሳሳታሉ።

መንገዱ ጥግ ላይ የሚቆሙ የሰፈር ልጆች አሉ፤ አንዱ ፈንታው ይባላል፣ ባጃጅ ተራ አብረን ነበርን። ጠራኝና "እዚያች ሴትዮ ቤት ምን ትሠራለህ?" አለኝ። ደብቀው አዳኑኝ አልኩት። ሳቀ። "እሷ ድሮም ለዚህ አገር ሰው ክፉ ናት" አለኝ። "የመርሳን ሙሽራ አልጋ ረግማ የበተነች አይደለች እንዴ? ሰው ሁሉ ያውቃል። ስሟን ነገ እንሰጣለን።"

የራሴ ውሸት ነው። ሰባት ዓመት በገበያ ሲንከራተት ቆይቶ፣ ጥርስ አብቅሎ፣ ፈንታው አፍ ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። እኔ ነኝ የሠራሁት፣ እሳቸው የሉበትም አልኩ። ተሳሳቁብኝ። "አንተማ አውሮፕላንም ነድቻለሁ ብለሃል" አሉኝ። እውነት ነው፣ ብያለሁ። ቀልደኛ ሰው እውነት ሲናገር ማንም አይሰማውም፣ ጉራ ያበዛማ ይብሱኑ።

በማግስቱ ጠዋት በጭነት መኪና ተንጠልጥዬ መርሳ ወረድኩ። መንገዱ ዳር የተቃጠለ ብረት፣ ሰው የሌለበት ቤት። ያስፈራኝ ግን እሱ አልነበረም፣ እመት ሐዋ ናቸው በፊቴ የሚታዩኝ። በረንዳቸው ላይ በርበሬ ሲለቅሙ አገኘኋቸው፣ ዘሃራና ሦስት ጎረቤቶች አብረዋቸው ተቀምጠዋል። ጎረቤቶቹ ይሂዱልኝ ማለት አማረኝ። ግን ወሬውን ያዞሩት እነሱው ናቸው፤ እነሱም ይስሙ አልኩ።

"አሰላሙ አለይኩም" ብዬ ቆምኩና ሁሉንም ተናገርኩ። ከግራ መቁጠሬን፣ መቸኮሌን፣ መዋሸቴን። ታጣቂ እንደመጣብኝና ያቺው ወፍ እንዳዳነችኝ። ዛሬ ስማቸው ሊሰጥ መሆኑን። ስናገር በርበሬው ይሁን ሌላ ነገር ዓይኔ ይፈስ ነበር።

እመት ሐዋ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ዘሃራ ከበርበሬው ቀና ሳትል፣ "እማ፣ ጀርባ የሰጠኝ ሰውዬው ነው። ወፏን ተያት" አለች። "ይሄንን ያኔም ነግሬሻለሁ።"

እመት ሐዋ ተነሡ። ይመቱኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍት ነጠላቸውን ለብሰው ቆመዋል። "ሂድ መኪና አቁም" አሉኝ።

ወልድያ የደረስነው ከሰዓት ነው። ፈንታውና ልጆቹ ጥጉ ላይ ናቸው። እመት ሐዋ በአጠገባቸው አለፉ፣ ከዚያ ተመለሱ። የማን ልጅ እንደሆኑ አንድ በአንድ ጠየቋቸው። የፈንታውን አያት ያውቃሉ፤ በርበሬ ወስደው ሳይከፍሉ የሞቱ ናቸው። ከዚያ ሁሉም እየሰማ የእትዬ ለምለም በር ደፍ ላይ ቁጭ አሉ። እትዬ ለምለም ከውስጥ ሲያዩዋቸው ግድግዳውን ያዙ።

"ለምለም፣ በድዬሻለሁ" አሉ እመት ሐዋ። "ይሄ ወስላታ ነገረኝ። ዘሃራን ለሚቀጥለው ጥር ጠይቀዋታል። ጥንድ ትራስ ላዝሽ ነው የመጣሁት።"

እትዬ ለምለም "የሚጠልፈው እሱ ይሁን?" አሉ፣ እኔን እያዩ።

"እሱማ እንዳይነካው" አሉ እመት ሐዋ። ጥጉ ላይ ያሉት ልጆች ሳቁ። ፈንታው ጭምር። ስም የሰጠ አልነበረም፣ ከዚያ በኋላም አልሰጡም።

ለገበያ የማልጠልፈው ለዚህ ነው። እስከ ዛሬ ተከልክያለሁ። ለራሴ እንድጠልፍ ግን ተፈቅዶልኛል።

የዚያን ዕለት እመት ሐዋ ወዲያው መሄድ አልፈለጉም፤ ስትጀምሪው ልየው አሉ። እትዬ ለምለም እጃቸውን ታጠቡ፣ ክሩን እስከ ክርናቸው ለክተው ቆረጡ። ወረቀቱ ስለተወሰደ ከድሮው ትራስ ላይ ነው የሚቆጥሩት። "አንድ፣ ሁለት" አሉና ቆሙ። ፈቱት። እንደገና "አንድ፣ ሁለት..." አሁንም ቆሙ። ወደ መንገዱ አዩ።

"ምን ሆነሽ ነው?" አሉ እመት ሐዋ።

እኔ ነኝ የነገርኳቸው፤ እትዬ እንደዚያ መቁጠር አይሆንላቸውም፣ በእናታቸው ቋንቋ ነው የሚሆንላቸው፣ ሰው እንዳይሰማ ፈርተው ነው አልኩ። እመት ሐዋ ወደ ጥጉ ዞረው ልጆቹን አዩ። ከዚያ ተነሥተው የተዘጋውን መዝጊያ በእጃቸው ገፍተው ከፈቱትና ተመልሰው ቁጭ አሉ።

"በይ ቁጠሪ" አሉ። "ጮክ በይ፣ እኔም ጆሮዬ ደክሟል።"

ከባድ መኪና አለፈ። እትዬ ለምለም መርፌውን ከቀኝ በኩል አስገቡ።

"ሓደ" አሉ።